የሩማቲክ የልብ በሽታ በወጣት ሴቶችና ወንዶች፦ ከቦንጋና ከከፋ ዞን አኳያ የቀረበ ታሪካዊ ቅኝት

በወጣትነት ዕድሜ የልብ ሕመም የሚይዛቸው ሴቶችና ወንዶች የሕክምና ውጤታቸው አንድ ዓይነት አለመሆኑ በሕክምናው ዓለም ሰፊ ትኩረት ያገኘው በተለይ ከ1999 ወዲህ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ቪዮላ ቫካሪኖና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሆስፒታሎች በድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት የታከሙ ከ380,000 በላይ ሕሙማንን መዝገብ መርምረው፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት መካከል ሆስፒታል ሳሉ የሞቱት ሴቶች መጠን ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አስታወቁ። ልዩነቱ ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየጠበበ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በበለጸጉት አገሮች ስለ ወጣት ሴቶች ልብ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በአብዛኛው የልብ የደም ሥር መጥበብን የሚመለከት ነው።

ጥያቄው ወደ ቦንጋና ወደ ከፋ ዞን ሲመጣ በሽታው ይለወጣል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሃያዎቹ ዕድሜ የምትገኝ ሴት ትንፋሽ አጥሯት፣ ጋደም ማለት አቅቷት፣ እግሯ አብጦ ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የልብ የደም ሥር መዘጋት አይደለም። ከወሊድ ጋር የተያያዘው የልብ ጡንቻ ድካም እንዳለ ሆኖ፣ ዋናው ተጠርጣሪ በልጅነት በጉሮሮ ሕመም የጀመረ የቫልቭ ጉዳት፣ ማለትም የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። የበሽታው አካሄድ ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በስትሬፕቶኮከስ የተነሣው የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ሳይታከም ይቀራል፤ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ልጁን ወይም ልጅቱን እንጥል ማስቆረጥ እንደ መፍትሔ ሲወሰድ ኖሯል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያ ሲያብጥና ሲያምም ደግሞ ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው ተብሎ ይታለፋል። ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር ቫልቩ ይጠባሰሳል፣ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም ይጠብባል ወይም አልዘጋ ይላል።

የከፋን የሕክምና ታሪክ የሚመረምር ሰው በቅድሚያ ስለ ስሙ መጠንቀቅ ይኖርበታል። በንጉሠ ነገሥቱና በደርግ ዘመን «ከፋ» ሲባል ዋና ከተማው ጅማ የሆነ ሰፊ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም ክፍለ ሀገር ማለት ነበር፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ መዝገብ «ከከፋ የመጣ ሕመምተኛ» ተብሎ የተጻፈው የጅማ ከተማ ነዋሪም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ከፋ የሚባለው ዞን ግን መቀመጫው ቦንጋ ሲሆን፣ በ2007 የሕዝብ ቆጠራ ከ870,000 በላይ ነዋሪዎች ነበሩት፤ ከኅዳር 2021 ጀምሮም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ነው። በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይገኛል። ከዚያ በላይ ሕክምና ሲያስፈልግ መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ጅማ፣ ከጅማም ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል። ዝናብ በበዛበት፣ የገጠሩ ነዋሪ በደንና በኮረብታ መካከል ተበታትኖ በሚኖርበት አገር ይህ ርቀት ራሱ የሕክምናው ውጤት አንድ አካል ነው።

በሽታው ሴቶችን ይበልጥ እንደሚያጠቃ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሮዚዬ በ1877 ስለ ማይትራል ቫልቭ መጥበብ በጻፈው ጽሑፍ በሽታው ከሁሉ ይልቅ በሴቶች ላይ እንደሚታይ አመልክቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት የኤዲንብራው አንገስ ማክዶናልድ የልብ ሕመም ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች ታሪክ ሰብስቦ ባሳተመው መጽሐፍ ከመዘገባቸው ሴቶች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ምክር በሦስት ክልከላ የተጠቃለለ ነበር፦ ልጃገረዷ እንዳታገባ፣ ያገባችው እንዳታረግዝ፣ የወለደችው እንዳታጠባ። ለወንዱ ሕመምተኛ ይህን የመሰለ ክልከላ አልተጻፈለትም። ሕክምና ባልነበረበት ጊዜ ምክሩ የሕይወት ጉዳይ እንደነበር አይካድም፤ ይሁን እንጂ የሴቲቱን ኑሮ በሙሉ የሚዘጋ ምክር ነበር።

የቀዶ ሕክምናውም ታሪክ የተጀመረው በልጃገረዶችና በወጣት ሴቶች ልብ ላይ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በ1923 ቦስተን ውስጥ ኤልየት ከትለር የጠበበ ማይትራል ቫልቭ ለመክፈት ቢላዋ ያሳረፈው በአንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ ልብ ላይ ነው። በ1925 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሳውተር ጣቱን በልብ ግርግዳ አስገብቶ ቫልቩን የዳሰሰው በአንዲት ወጣት ሴት ላይ ነበር። ልጅቱ ተርፋለች፤ ሆኖም ባልደረቦቹ ሌላ ሕመምተኛ ወደ እርሱ መላክ ስላልፈቀዱ ሙከራው በዚያው ቆመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በሰኔ 1948 ፊላደልፊያ ውስጥ ቻርልስ ቤይሊ ከአራት ሞት በኋላ የተሳካለት ከአንዲት የ24 ዓመት ሴት ጋር ነው፤ በቀናት ልዩነት ቦስተን ውስጥ ድዋይት ሃርከንም ተሳካለት። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የበሽታውን መመላለስ መግታት ቻለ። በበለጸጉት አገሮች ኑሮ ሲሻሻልና ፔኒሲሊን ሲስፋፋ በሽታው ከወጣቶች ክፍል ጠፋ፤ ከእርሱም ጋር ስለ ልብና ስለ እርግዝና የነበረው የቀድሞ ዕውቀት ከብዙ የሕክምና መጻሕፍት ዳር ተገፋ። በኢትዮጵያ ግን በሽታው አልጠፋም ነበር።

በኢትዮጵያ የልብ በሽታን ስፋት በዘዴ ለማወቅ ከተደረጉት ቀደምት ጥረቶች አንዱ ኤልድሪድ ፓሪና ጎርደን በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። መሣሪያቸው አነስተኛ የደረት ራጅ ነበር። ፓሪ በአዲስ አበባ ያስተማሩ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆኑ፣ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ እንደገና በዚሁ ታሪክ ውስጥ ይገኛሉ። በ1999 ፕሮፌሰር ከበደ ኦሊና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ተማሪዎች ላይ ባወጡት ጥናት ከ1,000 ተማሪዎች 6.4 የሚሆኑት በሽታው ተገኘባቸው። በኋላ የልብ አልትራሳውንድ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ጨመረ፤ በ2015 የወጣ ጥናት በጅማ ተማሪዎች ላይ ከ1,000 ወደ 30 ገደማ አግኝቷል። ጆሮ ያልሰማውን አልትራሳውንዱ አይቷል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠው የሞት ቁጥር ነው። ፕሮፌሰር ከበደ ኦሊና አስመራ በ2004 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ በሽታው በኢትዮጵያ ከሌላው ቦታ ይልቅ የከፋ ይሆን ብሎ በርእሱ ይጠይቃል። ጉንተር፣ አስመራና ፓሪ በ2006 ላንሴት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ ከገጠር ኢትዮጵያ ሕሙማን በየዓመቱ ከ100 ወደ 12 ተኩል የሚሆኑት እንደሚሞቱ አመለከቱ። ይህን የመሰለ መረጃ ሊገኝ የቻለው የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ ሕሙማን ክትትል ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ፣ ክትትሉም በነርሶች እንዲካሄድ በጎንደርና በጅማ ዙሪያ በተደረገው ጥረት ነው። ፓሪ የመሠረቱት ቲ.ኤች.ኢ.ቲ. የተባለው ድርጅት ሥራውን ደግፏል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ በየወሩ መርፌ ለመውጋት ሁለት ቀን መጓዝ ያለበት ሰው መርፌውን ይተዋል፣ ቤቱ አጠገብ ካገኘው ግን አይተወውም። ለከፋ ዞን የሚስማማው ከዚህ የተለየ መንገድ አይደለም።

የሴቶችና የወንዶች ልዩነት በቁጥር በግልጽ የታየው ሪሜዲ በተባለው ዓለም አቀፍ የሩማቲክ የልብ በሽታ መዝገብ ነው። በደቡብ አፍሪካዊው ቦንጋኒ ማዮሲና በሊዝል ዙልከ አስተባባሪነት ከ2010 እስከ 2012 ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከየመንና ከሕንድ 3,343 ሕሙማን ተመዘገቡ። አማካይ ዕድሜያቸው 28 ዓመት ሲሆን፣ ከ100 ውስጥ 66ቱ ሴቶች ነበሩ። በ2016 የታተመው የሁለት ዓመት ክትትል ደግሞ ከ100 ሕሙማን ወደ 17 የሚጠጉት መሞታቸውን፣ የሟቾቹም አማካይ ዕድሜ ወደ 29 የተጠጋ መሆኑን አሳየ። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሞቱ ከ100 ወደ 21 ደርሷል።

በዚሁ ክትትል ሴት መሆን ከሞት አደጋ መቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ አደጋው ከወንዶቹ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ነበር። ከአንደኛ ደረጃ በላይ መማርም ተመሳሳይ ጥቅም ታይቶበታል። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። በኢንፋርክሽን ወጣት ሴቶች ይበልጥ ይሞታሉ ተባለ፤ በሩማቲክ የልብ በሽታ ደግሞ ያነሰ ይሞታሉ ሊባል ነው። ለዚህ የሚቀርቡ ምክንያቶች አሉ። ሴቶች በእርግዝናና በክትባት ምክንያት ወደ ጤና ተቋም ስለሚሄዱ በሽታቸው ከወንዶች ቀድሞ ሊታወቅ ይችላል፤ ወንዶች ሥራ እስኪያቅታቸው ድረስ ሊቆዩ ይችላሉ። ሁለቱም አሳማኝ ናቸው።

ይሁን እንጂ መዝገቡ መቁጠር የጀመረው ከሆስፒታል በር ነው። በ2011 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕፃናት ከ100 ውስጥ 10 ብቻ ነበሩ፤ በ2005 አምስት፣ በ2016 ደግሞ 26 ነበሩ። ስለዚህ ሪሜዲ ሕሙማንን በሚመዘግብባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ ከአሥር ወሊዶች ዘጠኙ በቤት ውስጥ ነበሩ። የማይትራል ቫልቯ የጠበበ፣ በሽታዋ ስም ያልተሰጠው፣ ምጥ ላይ ወይም በወለደች ማግሥት ትንፋሽ አጥሯት የሞተች ሴት በዚያ መዝገብ የለችም። በእናቶች ሞት ቆጠራ ብትገባ እንኳ ሞቷ በልብ በሽታ ሳይሆን በወሊድ ሊጻፍ ይችላል። በሕይወት የመትረፍ ብልጫው ሆስፒታል ለደረሱት ሴቶች እውነት ነው፤ ለከፋ ኮረብታዎች ሴቶች ሁሉ እውነት ነው ለማለት ግን መዝገቡ አይፈቅድም።

የዚህ ሞት አሠራር በሚገባ የታወቀ ነው። በእርግዝና ወቅት በሰውነት የሚዘዋወረው ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ የልብ ምትም ይፈጥናል። ምቱ ሲፈጥን በሁለት ምቶች መካከል ያለው የዕረፍት ጊዜ ያጥራል፤ በጠበበው ቫልቭ ደሙ ለማለፍ የሚያስፈልገው ግን ይኸው ጊዜ ነበር። ደሙ ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። ከሰባተኛው ወር ወዲህ፣ በምጥ ጊዜ፣ ይልቁንም ከወሊድ በኋላ ባሉት ሰዓታት ማሕፀን ሲኮማተር ደም በድንገት ወደ ልብ ሲመለስ አደጋው ይበረታል። እስከዚያ ድረስ ደኅና መስላ የኖረች ሴት ሕመሟን መጀመሪያ የምታውቀው በእርግዝና ሊሆን ይችላል፤ ድካሙም «የእርግዝና ነው» ተብሎ ይታለፋል። በእርግዝና ክትትል ወቅት ሌሊት ቁጭ ብላ እንደምታድር የምትናገር ነፍሰ ጡር፣ ደም አክታ ያላት ወይም ምቷ የተዛባ ሴት ልቧ በጆሮ መሰማት አለበት። ለሌላ እናት ሕይወት አድን የሆነው ፈጣን የግሉኮስ ወይም የጨው ውኃ ለእርሷ ሊገድል ይችላል፤ ኤርጎሜትሪንም አይስማማትም። ለወንዱ ሕመምተኛ ይህን የመሰለ ዘጠኝ ወር የለውም።

ከሪሜዲ ቁጥሮች ሁሉ ለኢትዮጵያ ጤና ባለሙያ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ብዙ ያልተወራለት ነው። ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት 1,825 ሴቶች ውስጥ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት 65 ብቻ፣ ማለትም 3.6 በመቶ ነበሩ። በ2011 በኢትዮጵያ ካገቡ ሴቶች 27 በመቶ የሚሆኑት ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሴቶችን አይለኩም፤ በመዝገቡ ልጃገረዶችም ያላገቡም አሉ፣ አገሮቹም ብዙ ናቸው። ሆኖም ልዩነቱ በዚህ ብቻ አይገለጽም። እርግዝና ይበልጥ አደገኛ የሚሆንባት ሴት ከጤነኛዋ ጎረቤቷ ያነሰ አገልግሎት አግኝታለች። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ2009 ጀምሮ በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ በጤና ኬላ ደረጃ እንዲሰጥ አድርጓል። ለቫልቭ ሕመምተኛም የሚስማማው ኤስትሮጅን የሌለው ይኸው ዓይነት ነው፤ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል የደም መርጋትን ስለሚያባብስ አይመከርላትም። መድኃኒቱ በቀበሌዋ አለ። የጎደለው በልብ ክትትል ክፍል የሚቀመጠው ባለሙያ ስለ እርግዝና መጠየቁ፣ በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ያለችው ደግሞ ስለ ትንፋሽ መጠየቋ ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን ሐኪሞች ሦስት ክልከላዎች የሚለየውም ይህ ነው፤ እነርሱ ከለከሉ፣ ዛሬ ግን ጊዜዋን እንድትመርጥ መርዳት ይቻላል።

ቀዶ ሕክምና ሲገኝ ጥያቄው አያልቅም፤ መልኩን ይለውጣል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ለብዙ ዓመታት ሕፃናትን ወደ ውጭ አገር ሲልክ ቆይቶ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። መጀመሪያ ሥራው በውጭ አገር የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ከ2017 ወዲህ ግን ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በራሳቸው ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ከከፋ የምትመጣ ወጣት ወረፋው ሲደርሳት ቫልቩ ብዙ ጊዜ ሊጠገን ከማይችልበት ደረጃ ደርሷል። ያን ጊዜ የሚተከለው ቫልቭ ዓይነት የልጅነት ሕይወቷን ይወስናል። የብረቱ ዕድሜ ይኖረዋል፣ ዋርፋሪን ግን እስከ ዕለተ ሞት አይቋረጥም፤ ከእንስሳ ኅብረ ሕዋስ የሚሠራው ዋርፋሪን ባይጠይቅም በወጣት ሰውነት በፍጥነት ያረጃል፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም ያስከትላል።

ዋርፋሪን ለወንዱ የደም ምርመራ ጉዳይ ነው። ለሴቷ የልጅ ጉዳይም ነው። በእርግዝናው መጀመሪያ፣ በተለይ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ፅንሱን ሊያጎድል ይችላል፤ መጠኑ በቀን ከ5 ሚሊግራም ሲበልጥ አደጋው ይጨምራል። በመጨረሻው ወር ደግሞ ሕፃኑ በምጥ ጊዜ አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ስለሚችል ወደ ሄፓሪን መለወጥ ያስፈልጋል። ይህን ፈርታ መድኃኒቱን በራሷ ያቋረጠች ሴት ቫልቯ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። በሪሜዲ መዝገብ ምርመራ ከተደረገላቸው ሕሙማን የደም መቅጠን ልኩ ትክክል ሆኖ የተገኘው 28 በመቶ በሚሆኑት ብቻ ነው። የመቅጠን ልኳን ለማስለካት ከገጠር ወረዳ በተደጋጋሚ ረጅም መንገድ ለምትጓዝ ሴት ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

በየካቲት 2015 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በሽታውን ከአፍሪካ ለማጥፋት ያወጡት መግለጫ፣ በዚያው ዓመት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች የተቀበሉት፣ ሰባት ተግባራትን ይዘረዝራል፤ ከሰባቱ አንዱ ለእነዚህ ሴቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ማዳረስ ነው። በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤም ስለ በሽታው ውሳኔ አሳለፈ። ወረቀቱ አለ። በሥራ ቦታ የሚያጋጥመው ግን ከዚህ ያነሰና የበለጠ ተጨባጭ ነው። ለመጥቀስ ያህል፣ መርፌው ሰው ይገድላል የሚለው ፍርሃት ባለሙያውንም ሕመምተኛውንም ሲያሸሽ ቆይቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር ከመርፌው በኋላ በድንገት ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ የፔኒሲሊን አለርጂ ሳይሆን ቀድሞውኑ የከበደ የቫልቭ በሽታ የነበራቸው መሆናቸውን ገልጾ፣ ለእነዚህ ሕሙማን በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ መክሯል። ቀላል ሕመም ላለባት ልጃገረድ ግን መርፌው አሁንም ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው።

በዚያው በ2022 ዋርፋሪንን በሪቫሮክሳባን መተካት ይቻል እንደሆነ የመረመረው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት ውጤት ታተመ። በ24 አገሮች 4,531 ሕሙማን የተሳተፉበት ሲሆን፣ ከ100 ውስጥ 72ቱ ሴቶች ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸው ግን ወደ 50 ዓመት ነበር። የደም ምርመራ የማያስፈልገው አዲሱ መድኃኒት ተሸነፈ፤ በነባሩ መድኃኒት የታከሙት ሕሙማን ያነሰ ሞቱ። ስለዚህ ዋርፋሪን በቦንጋም፣ በጅማም፣ በአዲስ አበባም ይቀጥላል። ነፍሰ ጡሮችና የብረት ቫልቭ ያላቸው ሕሙማን በዚህ ጥናት አልተካተቱም።